ጀርመን ሼፐርድ በድሬ ሙቀት፦ ሦስት ዓመት ተኩል ከታዘበው ጋር

እውነቱን ለመናገር ውሻ አልፈለግሁም ነበር። የፈለግሁት ዘበኛ ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ በወር ቤቱ የሚያድርባቸው ሌሊቶች በጣት ይቆጠራሉ። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ግቢያችን በር ላይ ባለችው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ሁለት ልጆች አሉን፣ አማቴም ከኛው ጋር ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የጎረቤት የውሃ ፓምፕ በሌሊት ተነቅሎ ሲሄድ "በቃ ውሻ ይግባ" ተባለ። የሐበሻ ውሻ እንደሆነ በነጻ ሞልቷል፤ ባለቤቴ ግን ነሐሴ ላይ ከአዳማ ሲመለስ ጋቢናው ውስጥ፣ በብስኩት ካርቶን፣ አንድ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ይዞ መጣ። 18 ሺህ ብር! ያገለገለ ኦቨርሎክ የስፌት መኪና ልግዛ ብዬ ስንት ወር ሳንቲም ስቆጥር የከረምኩ ሴት ነኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

ሻጩ ሦስት ነገር ምሎለት ነበር፦ ሁለት ወሩ ነው፣ ንጹሕ ዘር ነው፣ ጆሮው ይቆማል። ያየው የእንስሳት ሐኪም ጥርሱን ገልጦ "ይሄማ ስድስት ሳምንትም አይሞላው" አለን። ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ መለየት የለበትም፤ የንክሻን ልክ የሚማረው ከነሱ ጋር እየተናከሰ ነው። የኛው ያንን ትምህርት የተማረው በኔ ቁርጭምጭሚት ነው። ስለ ዘሩ ወረቀት የለንም፣ አልጠየቅንምም። ጆሮው ግን የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ሆነ። የዚህ ዘር ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ጥርስ ሲቀይር ደግሞ የቆመውም ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። ይሄን ያወቅሁት በኋላ ነው። በአራተኛው ወር ግራው ቆመ፣ ቀኙ ተኛ። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞቼ ሳይቀሩ "ዛሬስ?" እያሉ ይገባሉ። ባለቤቴ ከድንበሩ ከደወሌ ሲደውል ከልጆቹ ደኅንነት በፊት የሚጠይቀው ቀኙን ጆሮ ነው። "ተሸውደሃል" ስለው ደስ ይለኝ ነበር። በስድስተኛው ወር አንድ ጠዋት ሁለቱም ቀጥ ብለው ሳይ ግን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስልክ አንስቼ ቀድሜ የደወልኩት እኔ ነኝ።

ልጆቹ "ሬክስ" ሊሉት ፈልገው ነበር። አማቴ "የውሻ ስም ለሰው መልእክት ማድረሻ ነው" ብለው "ታዘበው" አሉት። መልእክቱ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ ድሬ ላይ ይሄን ውሻ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት እሱን ነው። ጸጉሩ ድርብ ነው፤ ከላይ ሻካራ፣ ከሥሩ እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ የለሰለሰ። ለጀርመን ብርድ የሚሆን ካፖርት ነው። ድሬ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪን ማለፍ ብርቋ አይደለም። ውሻ እንደኛ አያልበውም፤ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። የመጀመሪያው ግንቦት ላይ፣ 10 ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ በረደ ብዬ ክር ልገዛ ወደ ታይዋን ገበያ ስወጣ አስከተልኩት። ፀሐዩስ በርዷል፤ አስፋልቱ ግን አልበረደም። ስንመለስ መዳፉን እያነሳ እየጣለ ትንሽ ሄደና ከአንድ ዛፍ ሥር ዘጭ አለ። ምላሱ መሬት ነክቷል፣ ዓይኑ ፈዟል። በርጫ ላይ የነበሩ ልጆች ጀሪካን ይዘው ደረሱልኝ፤ ሆዱን፣ ብብቱን፣ መዳፉን በውሃ አራስነው፤ አንዱ በካርቶን ያራግብለታል። ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ደግፈን አቆምነውና ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ ወደ ኋላ ዝቅ ያለውን ወገቡን አይቶ "አቦ እትዬ፣ ይሄ ውሻ ነው ወራባ?" አለኝ። ጅብ ማለቱ ነው። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳቄ መጣ።

ከዚያ ወዲህ የምንወጣው ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣና ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ከመነሳታችን በፊት የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳርፋለሁ፤ እኔ ካልቻልኩት እሱም አይችለውም። ቀን ቀን እርጥብ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። "ላጪውና ይገላገል" ያሉኝ ብዙ ናቸው። አትላጩ! ጸጉሩ ብርድ ብቻ ሳይሆን ፀሐይም ይከልልለታል፤ የሚያቀልለት የሥረኛውን ጸጉር በሽቦ ማበጠሪያ እያበጠሩ ማውጣት ነው። አንድ ጊዜ ሲበጠር የሚወጣው ትራስ ይሞላል። የቀረው የት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፦ ስፌት ላይ። አምና ለሚዜዎች ስድስት ጥቁር የቬልቬት ቀሚስ ሰፍቼ ነበር። ሲያስረክቡኝ ጥቁር የነበረው ጨርቅ ሳስረክባቸው ቡናማ ነገር ሆኖ ተገኘ። ሌሊቱን ሙሉ በፕላስተር እየለቀምኩ አደርኩ።

ቀለቡ የአንድ ጎረምሳ ነው። አሁን 38 ኪሎ ይመዝናል፤ ለወንዱ ከ30 እስከ 40 ነው ልኩ። ከሥጋ ቤት የግመል ሥጋ ትራፊና ሳንባ፣ ስብርባሪ ሩዝ፣ አንዳንዴ ካሮት፤ በወር ከ4 ሺህ ብር አያንስም። መጀመሪያ የወጥ ትራፊ እሰጠው ነበር፣ ሁላችንም ያደግነው ውሻ ወጥ ሲበላ እያየን አይደል። ሐኪሙ ነው ያስቆመኝ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ካልሆነ ምንድን ነው? የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ስለዚህ በፋሲካ ቤቱ ዶሮ ዶሮ ሲሸት ታዘበው የሚበላው ያው ሩዙን ነው። ያን ቀን ስሙ በትክክል እንደወጣለት ይገባችኋል።

ዘበኝነቱ? ከአስር ስድስት። ድምፁ በርሜል ውስጥ የሚጮህ ይመስላል፤ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ በሩን አልፎ ገብቶ አያውቅም፣ ከውጭ ሆኖ "እትዬ፣ ቁጥሩን ጥሪልኝ" ይለኛል። ግን እኔ "ግቡ" ያልኩትን ሰው ሁሉ ወዲያው ያምናል። ሌባም ቢሆን በወጉ ሰላም ብሎኝ ከገባ ቡናው እስኪፈላ አብሮት የሚቀመጥ ይመስለኛል። ለባጃጅ ይጮሃል፣ ለአሞራ ይጮሃል፣ ለነፋስ ይጮሃል።

በዚህ ተበሳጭቼ እያለ ነው ትልቁ ልጄ አንብቦ የነገረኝ። ሁላችንም ይሄን ውሻ የምናውቀው ከፖሊስ ጋር ነው፤ ሼፐርድ ማለት ግን እረኛ ማለት ነው። ስንት ዓመት ስንጠራው ማናችንም ልብ አላልንም! በፈረንጆቹ 1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል የቀድሞ የፈረሰኛ መኮንን ካርልስሩኸ በምትባል የጀርመን ከተማ በውሻ ትርኢት ላይ አንድ የበግ ጠባቂ ውሻ አይቶ ወደደውና ገዛው። ስሙን ሆራንድ አለው፤ በዘሩ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ሆኖ የተጻፈው እሱ ነው። የነዚህ ውሾች ሥራ መናከስ አልነበረም። አጥር በሌለው ሜዳ በጎቹ ከግጦሹ ወጥተው የሰው እህል ውስጥ እንዳይገቡ ቀኑን ሙሉ ዳር ዳሩን መሮጥ ነው። አጥሩ ራሱ ውሻው ነው ማለት ነው።

ይሄን ከሰማሁ በኋላ ግቢዬን በሌላ ዓይን አየሁት። ከበሩ እስከ ሎሚው፣ ከሎሚው እስከ አማቴ መስኮት ታዘበው ሲመላለስ ያወጣት ቀጭን መንገድ አለች፤ በክረምት እንኳ ሣር አይበቅልባትም። ማታ ሁላችንም ካልገባን አይተኛም። ልጄ ለጥናት ካመሸች በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አፍንጫውን አስገብቶ ይጠብቃታል። ከገባች በኋላ ክፍል ለክፍል እየዞረ እያንዳንዳችንን በአፍንጫው ነካ ነካ ያደርገናል። እየቆጠረን ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ነው የሚጋደመው።

አማቴ ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። በወጣትነታቸው ባቡር ጣቢያው ላይ ለተሳፋሪ ሻይና ብርቱካን ይሸጡ ነበር፤ የድሮው፣ የፈረንሳዮቹ ባቡር ማለቴ ነው፣ አዲሱማ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። አሁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ "ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ይነሳሉ። አንድ ሌሊት በሩ ሳይቆለፍ አድሮ ኖሯል። ኮቴ ሰምቼ ስወጣ ታዘበው በሳቸውና በበሩ መካከል ተጋርዶ ቆሟል። ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሉ ወደ ግራ። አይጮህም፤ ልብሳቸውን እንኳ በአፉ አልያዘም። በጎኑ ብቻ ቀስ እያለ ወደ ቤት ይገፋቸዋል። እሳቸው ደግሞ "ምን ዓይነት ተሳፋሪ ነው ይሄ፣ አያሳልፍም እንዴ!" እያሉ ይቆጡታል። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ደከማቸውና ተቀመጡ። እግራቸው ላይ ተኛባቸው። ይሄን ማንም አላስተማረውም፤ በግ የሚባል ነገርም ከበዓል በግ በቀር አይቶ አያውቅም። የ18 ሺህ ብሩን ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳሁት ያን ሌሊት ነው፣ ያውም በልቤ።

ጎረቤቴ ሐጂያ መጀመሪያ ላይ ደንበኝነታቸውን ሊተዉ ደርሰው ነበር። የውሻ ምራቅ ድሪያ ቀሚሳቸውን ከነካ ሰባት ጊዜ ማጠብ አለባቸው፣ አንዱንም በአፈር፤ አለዚያ አይሰግዱበትም። ለጥበቃ ውሻ መያዝ እንደማይከለከል የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። መፍትሔውን ያመጡትም እሳቸው፦ በሩ ላይ ቆመው፣ በጃንጥላ ከሩቅ እየጠቆሙ፣ በሁለት ቀን "ታኢ" አስተማሩት። በኦሮምኛ ቁጭ በል ማለት ነው። አሁን ድምፃቸውን ሲሰማ ራሱ ሎሚው ሥር ሄዶ ይቀመጣል። የማዶዎቹ የሶማሌ ልጆች "ካላይ" ሲሉት ይሮጣል። እኔ በአማርኛ "ና" ስለው ግን አንዳንዴ ያስብበታል።

ባለፈው ሰኔ ሙቀቱ ሲጠና ሐረር እህቴ ጋ ወሰድነው። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ግን አየሩ ይለወጣል፣ ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ሁለት ቀን እንደ ቡችላ ሲቦርቅ ሰነበተ። በሦስተኛው ሌሊት ጅቦቹ መጡ። የእህቴ ቤት ከጀጎል ግንብ አይርቅም፤ ለሐረር ሰው ጅብ በሌሊት በሰፈር ማለፉ ወሬ አይደለም፣ ለውሻ ግን ሞት ነውና "አስገቡት" ብላን ገብቶ ነበር። ያ ለነፋስ የሚጮህ ውሻ ድምፁ ጠፋ። ጆሮው፣ ያ ስንት የጠበቅነው ጆሮ፣ ማጅራቱ ላይ ተለጠፈ። ተነስቶ ፍራሽ ለፍራሽ ዞረ፤ እኔን፣ ልጆቹን፣ እህቴን፣ ሕፃኗን በአፍንጫው ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ሄዶ ደፉ ላይ በቁመቱ ተጋደመ። እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ ይሰማኛል። እስኪነጋ ከዚያ አልተነሳም። ስድስቷን ነጥብ ላሻሽላት ይሆን ብዬ አስቤያለሁ፤ ግን ሌባ ሲመጣ አላየሁትምና ትቆይ።

የጤናውን ነገር ባጭሩ። የባጃጁ ሹፌር የቀለደበት ወገብ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ለትርኢት ተብሎ ወገባቸው እንዲያዘቀዝቅ የተዳቀሉ አሉ፣ ዘሩም በዳሌ መገጣጠሚያ በሽታ የታወቀ ነው። ስትገዙ ከቡችላው በፊት እናትና አባቱን እዩ፤ ሲራመዱ እዩ፣ በሰንሰለት ታስረው አይደለም። አታወፍሩት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ ነው፣ ይሄ አይታለፍም። መዥገር በየሳምንቱ ጆሮው ውስጥ ፈልጉ። ዕድሜው ከ9 እስከ 13 ዓመት ነው ይላሉ፤ እኛ አራተኛውን ይዘናል፣ የቀረውን አልቆጥርም፣ ቆጠራው የሱ ሥራ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ፣ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ለምትገቡ፣ ወይም በሰንሰለት አስሬ ሌባ ላስፈራራበት ለምትሉ አይሆናችሁም። የሚጠብቀው ቤቱን ሳይሆን ሰዎቹን ስለሆነ ብቻውን ሲውል ያብዳል፤ ጓደኛዬ ጋ ያለው አንዱ በሩን እስከ ወገቡ በልቶታል።

ቡችላ ትሸጫለሽ ወይ እያላችሁ ደጄን የምታንኳኩ ደግሞ አትልፉ፤ ታዘበው ተኮላሽቷል። ልብስ ለማሰፋት ከሆነ እስከ ማታ 12 ሰዓት አለሁ። ጥቁር ቬልቬት ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ።