ሐይቁን በእጅ ለማንሳት የትኛው የካነን ቴሌፎቶ ይሻላል?

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ቆሞ ከሐይቁ ማዶ ያለውን ተራራ በተለመደው 18-55 ሌንስ ያነሳ ሰው የሚያገኘው ውሃና ሰማይ ነው፤ ተራራው መሃል ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። የቴሌፎቶ (ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ) ፍለጋ የሚጀመረው እዚህ ጋ ነው። ካነን የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርጠው 75-300ን፣ 55-250 ኤስቲኤምን እና ነጩን 70-200 ኤፍ 4ን ነው። ትራይፖድ ሳትሸከሙ መዞር ከፈለጋችሁ እኔ 55-250ን እላለሁ። ምክንያቱ የምታነሱበት ሰዓት ነው።

ሀዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይ ከኋላችሁ ወጥታ ማዶውን ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ እዚያው ተራራ ጀርባ ትገባለች። እኩለ ቀን ላይ የሙቀቱ ሞገድ ርቆ ያለውን ነገር ሁሉ ያርገበግበዋል፤ ያንን ስታቢላይዘር (የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው የሌንሱ ክፍል) አያስተካክለውም። ስለዚህ ደህና ፎቶ የሚገኘው ብርሃን ባነሰበት ሰዓት ነው።

በእጅ ስታነሱ የሹተር ፍጥነቱ (1/500 ሲባል 500 የሚለው ቁጥር) በሚሊሜትር ከሚለካው የሌንሱ ርዝመት እንዳይወርድ ይመከራል። እንደ 700ዲ ባሉ ክሮፕ (ሴንሰራቸው አነስ ያለ) ካሜራዎች ርዝመቱ በ1.6 ስለሚባዛ 300 ላይ 1/500፣ 250 ላይ 1/400 ሰከንድ ያስፈልጋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ብርሃኑ በኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እና በአይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) የሚፈቅደው 1/30 ብቻ ነው እንበል። በ75-300 1/500 ለመድረስ አይኤስኦ 1600 ግድ ይላል። 55-250 ግን የ3.5 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ስታቢላይዘር አለው። በወረቀት ላይ እስከ 1/35 ድረስ ያስኬዳል፤ እኔ 1/60 ላይ አቆማለሁ፤ ያም ሆኖ አይኤስኦ 200 ይበቃል። አይኤስኦ ሲጨምር ምስሉ ስለሚሻክር ጥላ ውስጥ ያለው የተራራው ክፍል ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

75-300 ርካሽ ነው፤ ሌላ የሚወደስበት ነገር አላገኘሁም። 300 ላይ ይለሰልሳል፣ ፎከስ ሲያደርግ ፊቱ አብሮ ስለሚዞር የውሃውን ነጸብራቅ ለመቀነስ ፖላራይዘር የገጠመ ሰው በየፎቶው እንደገና ማስተካከል አለበት። የ55-250 ኤስቲኤም ፊት አይዞርም፤ ክብደቱም 375 ግራም ብቻ ነው። ስትገዙ ኤስቲኤም የሚል መጻፉን እዩ፤ የድሮዎቹ 55-250ዎች ፊታቸው ይዞራል።

ነጩ 70-200 ኤፍ 4 ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። መልካቸው የሚቀራረብ ወንድማማቾች አሉ፦ በ1999 የወጣው ስታቢላይዘር የለውም፣ የ2006ቱ የ4 ስቶፕ አለው። ስታቢላይዘር የሌለውም ቢሆን ኤፍ 4 ላይ ተከፍቶ ጥርት ያለ ስለሆነ፣ ከፊታችሁ ቅርብ ነገር ከሌለና ማዶውን ብቻ ከሆነ የምታነሱት፣ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ሳትዘጉት ሁለት ስቶፕ ታተርፋላችሁ። ቄጠማ ወይም የቆመች ጀልባ ከፊት አስገብቼ ተራራውም ይጥራ ካላችሁ ግን መዝጋት ግድ ነው፤ ያኔ የ2006ቱ ይበልጠዋል። ካሜራችሁ 6ዲ ወይም 5ዲ ከሆነ ምርጫው ያለቀ ነው፤ 55-250 ለክሮፕ ካሜራ የተሠራ ስለሆነ አይገጥምላቸውም።

ለሰርግ የሚሠራበትን 70-200 ኤፍ 2.8 ለመልክዓ ምድር መግዛት አይታየኝም። ሁለተኛው የአይኤስ (ስታቢላይዘር ያለው) ስሪት 1490 ግራም ይመዝናል፤ ታቦር ተራራ ላይ ይዛችሁት ስትወጡ እጃችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ስታቢላይዘር የሚይዘው የእናንተን እጅ እንጂ የሚቀዝፈውን ዓሣ አጥማጅ አይደለም። ለሚበር ወፍ 1/1000 አካባቢ ያስፈልጋል። አባ ኮዳ ለማንሳትማ ቴሌፎቶም አያሻም፤ ዓሣ ገበያው ላይ እግራችሁ ሥር ነው የሚቆመው።

ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ጫፉ ድረስ አውጥታችሁ ሹተሩን በግማሽ ተጫኑ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቁ፤ በመመልከቻው የሚወዛወዘው ምስል ረጋ ማለት አለበት። ከመንገዱ ማዶ ያለ ማስታወቂያ ላይ በ1/60 ስታቢላይዘሩን አጥፍታችሁና አብርታችሁ ደጋግማችሁ አንሱ፣ ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ፊደሎቹን አነጻጽሩ። ልዩነት ከሌለ ወይም ሲበራ ምስሉ የሚዘል ከሆነ አትግዙት።