የዓለም ዋንጫ ግምት፦ ፎክስ ወይስ ቴሌሙንዶ?

አሜሪካ ውስጥ የ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ በእንግሊዝኛ በፎክስ፣ በስፓኒሽ በቴሌሙንዶ ይተላለፍ ነበር። እኔ ሪሞት ይዤ ሁለቱን እየቀያየርኩ ነው ያየሁት።

ፎክስ ላይ ግምቱ የሚጀምረው ከአሜሪካ ቡድን ነው። ምድቡን ያልፋል? እስከ የት ይሄዳል? የአገራቸው ነውና አይፈረድባቸውም። እኔን ግራ ያጋባኝ ቁጥሩ ነው። በ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግዛቶች የስፖርት ውርርድን እንዲፈቅዱ በር ከከፈተ ወዲህ፣ አሜሪካ ቲቪ ላይ ግምትና ቁማር ተደባልቀዋል። «+250» ካየህ፣ 100 ዶላር ብታስይዝ 250 ታተርፋለህ ማለት ነው። «-150» ከሆነ ግን 100 ለማትረፍ 150 ታስይዛለህ። አዲስ አበባ ቤቲንግ ቤት የለመድነው 3.50 (100 አስይዘህ ያስያዝከውን ጨምሮ 350 የምትቀበልበት) እና ይሄ +250 ለካ አንድ ናቸው! ይህን ለመረዳት ሁለት ጨዋታ ፈጅቶብኛል።

ቴሌሙንዶ ላይ ወሬው ሜክሲኮና አርጀንቲና ነው። ስፓኒሽ አልችልም፤ ፊታቸውን ነው የማነበው። ሳዑዲ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ስትረታ ድምፁን ብዘጋው እንኳ ይገባኝ ነበር። ሜክሲኮም ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድብ ተሰናበተች።

ሞሮኮ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆና ግማሽ ፍጻሜ ትገባለች ያለ ግን አንዱም ጋ አልሰማሁም። እኔም አላልኩም፣ አልዋሽም።

ለግምቱ ፎክስን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የሚሉት ይገባኛል። ፊሽካው ሲነፋ ግን ወደ ቴሌሙንዶ። የጨዋታ አስተላላፊው አንድሬስ ካንቶር «ጎ...ል» ብሎ ሲያስረዝመው አስተርጓሚ አያስፈልግም።