አዲስ የሚመስል አሮጌ ሴኮ፦ ጀርባውን ሳታስከፍቱ ብር እንዳታወጡ

የባሕር ዳር የሰዓት ወዳጆች፣ ይህን የምጽፈው 6,500 ብሬ ስለተበላ ብቻ አይደለም። ያንኑ ዓይነት ሰዓት ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ሰው ይዞት ሲዞር ስላየሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ቅዳሜ ገበያ ስዞር አንድ ሰው ጨርቅ ላይ ሰዓት ደርድሮ ተቀምጧል። አብዛኛው ባለባትሪ የቻይና ዕቃ ነው። መሃል ላይ ግን አንድ አረንጓዴ ሴኮ ፋይቭ ያበራል። ፊቱ ላይ አንዲት ጭረት የለችም። «አባቴ በደርግ ጊዜ ከጅዳ ያመጣው ነው፤ ሳይደረግ ሣጥን ውስጥ ነው የኖረ» አለኝ። ከዚያ መሙያውን በጣቱ እያሽከረከረ «ጠዋት ጠዋት እንዲህ ታደርገዋለህ፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራልሃል» ብሎ አሳየኝ።

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። የዚያ ዘመን ተራ ሴኮ ፋይቭ በእጅ አይሞላም። የሚሞላው ክንዳችሁ ሲወዛወዝ ነው። መሙያውን ብታሽከረክሩት ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ ምንም አይጠመዘዝም። ይህን አውቃለሁ። ለጓደኞቼ ስንቴ አስረድቻለሁ። ግን አረንጓዴው ልቤን ወስዶት ስለነበር ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ።

በሳምንቱ ዘመድ ልጠይቅ ወደ ዘጌ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ነፋስ ተነስቶ ሐይቁ ይናወጥ ነበር፤ ጀልባዋ ጎን የተቀመጥነውን ውኃ ረጨን። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ማታ ቤት ስገባ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሷል። በማግስቱ ከ6 ቁጥር አጠገብ ቀለሙ አብጦ ተነሳ። ሴኮ «ፋይቭ» ካስባሉት ከአምስቱ ነገሮች አንዱ ውኃ መቋቋሙ ነው እኮ!

አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ጀርባውን ከፈቱት፣ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ፣ ትንሽ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰዓት አይደለም። ዕድር ነው። ከየቤቱ አዋጥተው ያቆሙት።»

ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። አንድ በአንድ አሳዩኝ። የጀርባው ክዳን ላይ የተጻፈው የማሽን ቁጥር 7ኤስ26 ነው። ያ ማሽን የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ማለት ነው። ውስጡ ያለው ደግሞ ሌላ ማሽን፣ 7009 ነው። ፊቱ «21 ጁውልስ» (ማሽኑ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የድንጋይ መሸከሚያዎች ብዛት) እያለ ማሽኑ ላይ የተቀረጸው 17 ነው። ፊቱ ራሱ ከታች፣ 6 ቁጥር ሥር፣ በጣም ደቃቅ ጽሕፈት አለው። እሱ የሚለው 6119 ነው፤ ሌላ ሦስተኛ ማሽን። አሮጌ ፊት ተፍቆ በአዲስ ቀለም ተቀብቷል። የክዳኑ የጎማ ቀለበት ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ጉሙ የገባው በዚያ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ሰብሳቢዎች «ሙምባይ» ይሉታል፤ ህንድ ውስጥ በብዛት እየተቀባና እየተገጣጠመ ስለሚወጣ። ርካሽ መሆኑ ነውር የለበትም። «የተገጣጠመ ነው» ብሎ በዋጋው የሚሸጥ ሰው ቢኖር እኔም እገዛው ይሆናል። የሚያናድደው የአባቴ ሣጥን ወሬው ነው።

ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ የክዳኑን ጀርባ አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች የማሽኑ ቁጥር ናቸው። ለብቻው ያለው ተከታታይ ቁጥር ደግሞ ዕድሜውን ይነግራችኋል። የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ነው፣ ሁለተኛው ወሩ፤ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። ለኖቬምበር ኤን፣ ለዲሴምበር ዲ ፊደል ታገኛላችሁ። የኔው በ73 ይጀምራል። ማሽኑ ከ1996 ወዲህ ስለሆነ ክዳኑ የ1997፣ የ2007 ወይም የ2017 ማርች ነው። ሻጩ ከነገረኝ ታሪክ ጋር የትም አይገናኝም። ይህን ለማየት መክፈት እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ገልብጦ ማንበብ ብቻ።

ፊቱን በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ እዩት። የፋብሪካ ጽሕፈት ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። የተቀባው ወፍራም ነው፣ ፊደሉ ዳር ዳሩን ይሟሟል። ደግሞ አርባ ዓመት የሞላው ሰዓት ሰንሰለቱ ተልጦ ፊቱ ብቻ ትናንት የተሠራ ሲመስል ምክንያቱን ጠይቁ።

በመጨረሻ ሰዓት ሠሪ ጋ ሄደን እናስከፍተው በሉ። ማስከፈቻውን እናንተ ክፈሉ። ሻጩ «ከተከፈተ ይበላሻል» ካለ ተዉት፣ ሂዱ። እኔንም እንደዚያ ብሎኝ ነበር።

ግን ያለጥፋቱ የሚከሰስ ሰዓትም አለ። «ቀኑ 12 ሰዓት ማታ ላይ ይቀየራል፣ ተበላሽቷል» ብሎ አንዱ ጓደኛዬ ደህና ሴኮ በርካሽ ሊሸጥ ነበር። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር የሞላን ሰዎች የሚገጥመን ነው። የሰዓት ቆጣሪውን አንድ ሙሉ ዙር (12 ሰዓት) ወደፊት አዙሩት፤ ከዚያ ቀኑ ጠዋት 12 ላይ ይቀየራል፣ ለእኛ አቆጣጠር እንዲያውም ይስማማል። ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው ውስጥ እያለ ግን ቀኑን በእጅ አትቀይሩ፤ ጥርሱን ትሰብራላችሁ። በቀን ግማሽ ደቂቃ ማጉደሉ ወይም መቅደሙም ለእንዲህ ያለ አውቶማቲክ በሽታ አይደለም።

ሻጩን ፈልጌ አገኘሁት። ስሙን አልጠራም። «ወንድሜ፣ እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት» አለኝ። ታዲያ አባትህስ? ስለው ዝም አለ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1,500 ብር ልመልሰው አለ፤ እኔም እንቢ አልኩ። ሰዓት ሠሪው ማሽኑ ራሱ ደህና ነው ብለውኛል። ጎማውን ቀይረው፣ አጽድተው፣ ዘይት አድርገውለት አሁን እጄ ላይ ነው። ቀለሙ እንዳበጠ ነው፤ አላስቀባሁትም።

ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት ግን ፊቱ ሰማያዊ ነው። ፊቱ «21 ጁውልስ» ይላል፣ ክዳኑ እንደኔው 7ኤስ26፣ ሰንሰለቱ የተላጠ፣ ፊቱ አዲስ። የተጠየቀው 8,000 ብር ነው። ወሬውም ያው ከጅዳ የመጣ የአባት ዕቃ፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው።