የፑሽኪን ከተማው ቤተ መንግሥት፦ ቤቱን ወደድኩት፣ አስጎብኚውን ግን…

ሴንት ፒተርስበርግ ከሄዳችሁ፣ አጠገቧ ባለችው ፑሽኪን ከተማ ያለውን የካትሪን ቤተ መንግሥት የሩሲያ ንግሥት የነበረችው «የታላቋ ካትሪን ቤት» እያሉ የሚሸጡት የግማሽ ቀን ጉብኝት አለ። እኔም ከፍዬ ገባሁ። የድርጅቱ ስም ይቅር።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ቤተ መንግሥቱ የተሰየመው በታላቋ ካትሪን ሳይሆን በታላቁ ጴጥሮስ ሚስት፣ በቀዳማዊት ካትሪን ነው። ይሄን ወርቅ የተለበጠ ሰማያዊ ግንብ በአርክቴክቱ ራስትሬሊ ያሠራችው ደግሞ ልጃቸው ኤልሳቤጥ ናት። ታላቋ ካትሪን እንዲህ ያለ ብልጭልጭ አትወድም ነበር። አስጎብኚያችን ግን ይህን አንድ ጊዜ እንኳን አላነሳም።

ታዲያ ምን አወራ? የታላቋ ካትሪንን ውሽሞች ቆጠረልን። ኦርሎቭ፣ ፖተምኪን፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ… ያቺን «ከፈረስ ጋር ስትማግጥ ሞተች» የሚሏትን ተረት እንኳን አልማረንም! ሴትዮዋ እኮ በ1796 በ67 ዓመቷ የሞተችው ስትሮክ መቷት ነው፣ አለቀ።

የሚወራ ጠፍቶ ነው እንዳትሉ። በ14 ዓመቷ ከጀርመን የመጣች ልጅ፣ ሩሲያኛ ተምራ፣ ኦርቶዶክስ ሆና፣ በ1762 የክብር ዘበኛውን ይዛ የገዛ ባሏን ከዙፋን አውርዳ 34 ዓመት ገዛች። ሰው ፈንጣጣን በሚፈራበት፣ ክትባቱንም ከበሽታው እኩል በሚፈራበት ዘመን፣ በ1768 ከእንግሊዝ ሐኪም አስመጥታ መጀመሪያ ራሷ ተከተበች፣ ቀጥሎ ልጇን ጳውሎስን አስከተበች። ክፉውም አለ። ከፈረንሳይ ፈላስፎች ጋር ስለ ነፃነት እየተጻጻፈች ገባሮችን ከነመሬታቸው ለወዳጆቿ ታድል ነበር፤ ፑጋቾቭ የመራው የኮሳኮችና የገባሮች አመፅ በ1773 የፈነዳው ያለ ነገር አይደለም። ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልሰማንም።

ግድግዳው በአምበር (ደርቆ እንደ ድንጋይ በጠነከረ የዛፍ ሙጫ) የተለበጠውን የአምበር ክፍል እየተገፋን አለፍነው። በነገራችን ላይ ዋናውን ናዚዎች ነቅለው ወስደውታል፣ የምታዩት በ2003 ተሠርቶ ያለቀ ነው። ያም ሆኖ ያፈዛል።

የታላቋ ካትሪንን እጅ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ መናፈሻው ውጡ። አርክቴክቱ ካሜሮን የሠራላት ጋለሪ እዚያ ነው፣ ኩሬው መሃል ደግሞ በኦቶማን ላይ ላገኘችው የባሕር ድል ያቆመችው የቼስሜ ዓምድ አለ። እኔን የገረመኝ ግን ከሱ የምታንሰው የሞሬያ ዓምድ ናት። በ1770 በግሪክ የነበረው የኦቶማኖች የናቫሪን ምሽግ እጁን የሰጠለት የብርጋዴር ሃኒባል ስም ተቀርጾባታል። ኢቫን ሃኒባል ማለት ነው፤ ከአፍሪካ ተወስዶ ጴጥሮስ ቤት ያደገው የአብራም ልጅ፣ የባለቅኔው ፑሽኪን አያት ወንድም። (አብራም የኛ ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን።)

ለቤቱ 5 ኮከብ፣ ለአስጎብኚው 1። ሴንት ፒተርስበርግ ካለው የቪቴብስክ ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ በራሳችሁ ሂዱ። እኔ ዓምዷን ፎቶ ሳነሳ ሰውዬው «አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» እያለ ከሩቅ ያጨበጭብ ነበር።