ደሴ ፒያሳ፣ የድሮ ሸክላ በፍላሽ ያስጫንሁበት ሱቅ

ደሴ ፒያሳ ላይ የሞባይል ጥገናና የዘፈን ጭነት ጎን ለጎን ከሚሠራባቸው ጠባብ ሱቆች በአንዱ፣ ለትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ የሚሆን ዘፈን በቅርቡ አስጭኜ ነበር። የጠየቅሁት የተለመደውን አልነበረም፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ኮሌጆች በቡድን ይዘፈን የነበረውንና በሸክላ የቀረውን ነው። ልጁ ዝርዝሬን አንብቦ «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ይገኛል እንዴ?» አለኝ። ይገኛል፤ ከ1923 እ.ኤ.አ. በፊት የወጡ ሸክላዎች በአሜሪካ ሕግ ከ2022 ጀምሮ ለማንም ነጻ ሆነዋል። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የቸገረኝ የቤቴ ኔትወርክ ብቻ ነው። ልጁ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንድመጣ ነገረኝ፤ ባለው ሰዓትም 31 ዘፈን ጭኖ ጠበቀኝ። ፍላሹ የራሴ ስለነበር ለሥራው የከፈልሁት 150 ብር ነው፤ ውድ አልለውም።

ገንዘቤን የካሰልኝ የፊስክ ጁቢሊ ኳርቴት የተባለው የአራት ዘፋኞች ቡድን ነው። ፊስክ በቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ፣ ከባርነት ነጻ ለወጡ ጥቁሮች በ1866 የተከፈተ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ ሲቃረብ ሒሳብ ያዡ ጆርጅ ኋይት ተማሪዎቹን ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ በማዘፈን ትምህርት ቤቱን አትርፎታል። በ1909 ለቪክተር ኩባንያ ሸክላ ያስቀረጹት ግን አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ መሪያቸውም ጆን ወርክ የተባለው የላቲንና የታሪክ መምህር ነው። ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ መዋል የጀመረው በ1925 በመሆኑ፣ አራቱ ሰዎች ድምፅን ወደ መቅረጫው በሚያስገባ አንድ ትልቅ ጡሩንባ አፍ ፊት ተጠጋግተው፣ በሦስትና በአራት ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ነበረባቸው። በአሮጌው ሸክላ ሽርሽርታ መሀል የሚሰማው ያ መጠጋጋት ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ከታች ይዞ ሲቆይ ቀጭኑ ከላይ ብቻውን ይወጣል፣ ሦስቱ ይቀበሉታል። መንዙማ እየሰማ ላደገ የወሎ ልጅ አውጪና ተቀባይ ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከእነዚህ መንፈሳዊ ዜማዎች ብዙዎቹ በአምስት ኖታ የሚሄዱ ናቸው፤ ኖታዎቹም ከእኛው ትዝታ ሜጀር ጋር ስለሚገጥሙ፣ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ክራሩን ቃኝቶ ሁለተኛውን ዙር አብሯቸው መታ። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም በሆኑበት አገር እንዲህ ያለ ጆሮ ቢገኝ አይገርምም።

የቀረው ያን ያህል አልያዘኝም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ግሊ ክለብ በ1858 የተመሠረተ አንጋፋ የተማሪዎች የዘፈን ቡድን ሲሆን፣ እስከ 1919 ድረስ ከባንጆና ከማንዶሊን ክበቦች ጋር አብሮ ይጫወት ነበር፤ ዬል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1909 ዊፈንፑፍስ የተባለውን ያለ መሣሪያ የሚዘፍን ቡድን አፍርቷል። ሆኖም በዚያ ዘመን «የኮሌጅ ዘፈን» እየተባሉ ከተሸጡት ሸክላዎች ብዙዎቹን የዘፈኗቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው ሳይሆኑ ተከፋይ ኳርቴቶች ናቸው። ይህ ሲደመጥ ያስታውቃል፤ ጥርት ያለ፣ ግን የማንም ግቢ የማይሸት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ልጁ ሽርሽርታውን የፋይል ብልሽት መስሎት፣ ሳይጠይቀኝ ሁሉንም በኮምፒውተሩ አጽድቶ ቤዝና ኢኮ ጨምሮበት ነበር። እቤት ስከፍተው አራቱ ሰዎች ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍኑ መሰሉኝ፤ የሽርሽርታው መጥፋት የቀጭኑን ድምፅ ጫፍም አብሮ ወስዶታል። በማግስቱ ስመለስ ሳያጉረመርም፣ ተጨማሪ ሳያስከፍል፣ ያልተነካካውን እንደገና ጫነልኝ። በዚህ አመሰግነዋለሁ። ሁለተኛው ጉድለት ግን አልተስተካከለም፤ የዘፋኙና የዓመቱ ስም ጠፍቶ ሁሉም «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» ተብሎ ነው የተቀመጠው። ለሠርግ ዘፈን ይህ ምንም አይደለም፤ ለትምህርት ለሚፈልገው ሰው ግን ከሥራው ግማሹ አልተሠራም ማለት ነው። እኔ ሁለት ምሽት ቁጭ ብዬ፣ እየሰማሁ ከዝርዝሬ ጋር አመሳክሬያለሁ፤ አራቱ እስካሁን ስም አልወጣላቸውም።

የጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ በር ላይ ያለው ስፒከር የባጃጁን ጩኸት አያሸንፍም። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊትም ቢያንስ ሦስቱን እዚያው ከፍታችሁ ስሙ።