የከዚራው ባነር ማተሚያ ቤትና «የታረሙት» ፊደሎች

ድሬዳዋ ውስጥ ለክፍላችሁ ትልቅ ሥዕል ማሳተም የምትፈልጉ መምህራን ካላችሁ ይጠቅማችሁ እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው። ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ያለች ጠባብ ሱቅ ናት፤ ሁለት ኮምፒውተርና ግድግዳውን የሞላ አንድ ማተሚያ ማሽን። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አልጠራም። በብዛት የሚያትሙት የሠርግና የምርቃት ባነር ነው። እኔ ይዤላቸው የሄድኩት ግን የአጥንት ሥዕል ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር የሚቆጨኝ ነገር አለ። ሉሲን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ከጠፉት የሰው ዘመዶች አጥንት ዲኤንኤ ወጥቶ እንደተነበበ የሰማ ግን በጣም ጥቂት ነው። የዘረመል ተመራማሪው ስቫንቴ ፔቦ እ.ኤ.አ. በ2022 የኖቤል ሽልማት የተሸለመው በዚህ ሥራ ነው። ክፍላችን ፕሮጀክተር የለውም፣ በጠመኔ ደግሞ የሚሳል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከራሴ ኪስ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ባነር ላሳትም ወሰንኩ። በካሬ ሜትር 450 ብር ነው የጠየቁኝ፣ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ።

በግራ በኩል ካርታ አደረግኩ። ጀርመን ውስጥ ያለው የኒያንደር ሸለቆ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1856 አጥንቱ የተገኘበት፣ በ1997 ደግሞ ከዚያው አጥንት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የኒያንደርታል፣ ማለትም ከጠፉት የሰው ዘመዶች የአንዱ፣ ዲኤንኤ የተነበበበት። ሳይቤሪያ ያለው የዴኒሶቫ ዋሻ። ከአገራችን ጋሞ ያለው የሞታ ዋሻ። ከዚያ እዚሁ ከከተማችን ደቡብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ፣ እሱን በትልቅ ነጥብ። መሐል ላይ የዴኒሶቫ ልጅ የትንሽ ጣት ስባሪ ሥዕል።

የለፋሁበት ግን የቀኙ ክፍል ነው። ሁለት ረድፍ ፊደል። የላይኛው በሕይወት ካለ ሰው የተነበበ ዲኤንኤ፣ የታችኛው ያው ክፍል ከአሮጌ አጥንት ሲነበብ። አሮጌ ዲኤንኤ ብጥስጥሱ የወጣ ነው፤ አብዛኛው ቁራጭ መቶ ፊደል እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ዘመን ሲረዝም ውሃ «ሲ» የምንለውን ፊደል ይጎዳዋል። «ሲ» የሚወክለው ሳይቶሲን አሚን የሚባለውን ክፍሉን ያጣና ዩራሲል ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል፣ ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ኢንዛይም ደግሞ «ቲ» ብሎ ያነበዋል። ጉዳቱ የሚበዛው በየቁራጩ ጫፍ ላይ ነው። እኔም በታችኛው ረድፍ ጫፍ ጫፉ ላይ «ሲ» በነበረበት «ቲ» እያደረግኩ፣ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ፣ ሁለት ምሽት ፈጀሁበት።

ባነሩ ታትሞ ሲሰጠኝ፣ በማግስቱ ለክፍል ላዘጋጀው ማታ ግቢያችን ውስጥ ዘረጋሁት። ቀለሙ ደማቅ፣ ጽሑፉ ጥርት ያለ። ፊደሎቹን ሳይ ደነገጥኩ፤ የላይኛውና የታችኛው ረድፍ አንድ ሆነዋል። አንድም «ቲ» በቦታው የለም።

ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ዲዛይን የሚሠራው ልጅ ባነሩን ሳይ የምደሰት መስሎት ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። «አቦ ቲቸር፣ ላይና ታቹ አልገጥም ብሎ ነበር፣ ቁጭ ብዬ አስተካክዬልሻለሁ» አለኝ። በመናደድ ፈንታ ቃል አጣሁ። ስንት ቦታ አሳትሜአለሁ፣ የሰጠሁትን ጽሑፍ አንብቦ የሚያስተያይ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ሳይጠይቀኝ መለወጡ ጥፋት ነው፣ ደውሎ ማረጋገጥ ነበረበት። ይህን ለሱም ለሱቁ ባለቤትም በግልጽ ነግሬአቸዋለሁ።

ከዚያ ግን ልጁ ወንበር ሰጠኝና «ለምንድነው የማይገጥመው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ የጠየቀኝን ጥያቄ ከተማሪዎቼ መካከል የሚጠይቀኝ ባገኝ ደስታዬ ነው። «ማሽኑ ተሳስቶ ቢሆንስ? በምን ይለያል?»

የማሽን ስህተት የትም ይበተናል፤ የዕድሜ ጉዳት ግን ጫፍ ላይ ይከማቻል። አጥንቱን የቆፈረው ሰው ላብ ወይም ምራቅ ነክቶት የገባ ዲኤንኤ ደግሞ ገና ትኩስ ስለሆነ ይህ ጉዳት አይኖርበትም። ለዚህ ነው በእነዚያ ላቦራቶሪዎች ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው፣ ጠረጴዛውን በበረኪና አጽድተው የሚሠሩት፣ ለዚህም ነው እነዚያን «ቲ»ዎች እንደ ዕድሜ ማስረጃ የሚቆጥሯቸው። ይህን ስለው ወደ ባነሩ ዞሮ፣ «እንግዲህ እኔ ያተምኩት የቆፋሪውን ነዋ!» አለ።

እውነቱን ነው። ያን ባነር አልጣልኩትም። ባለቤቷ አዲሱን በቁሳቁሱ ዋጋ ብቻ አተመችልኝ፣ ልጁ ደግሞ በራሱ ሐሳብ «ቲ»ዎቹን ቀይ አድርጎ ከሌሎቹ ትንሽ አገዘፋቸው። የኔ ዲዛይን ላይ ሁሉም ጥቁር ነበሩ። አሁን ከኋላ ወንበር ሳይቀር ይታያሉ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ሰቅዬ ተማሪዎቼን የትኛው ከአጥንቱ፣ የትኛው ከቆፋሪው እጅ እንደመጣ እጠይቃለሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይከራከሩበታል።

መጀመሪያ በሰቀልኳቸው ቀን አንዲት ተማሪ ተነስታ የራሷን ትንሽ ጣት ሥዕሉ ላይ አስደግፋ፣ «ከዚህች ብቻ?» አለች። አዎ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘች የጣት ስባሪ፣ በ2010 ዲኤንኤዋ ሲነበብ ከኛም ከኒያንደርታልም የተለየ ሕዝብ እንደነበረ ተናገረች። ከዚያው ዋሻ ሌላ ስባሪ አጥንት ደግሞ እናቷ ኒያንደርታል፣ አባቷ ዴኒሶቫዊ የሆነች ልጅ ሆና ተገኘች፣ በ2018። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የሁልጊዜው ነው፤ የኛው ዋሻስ? ፖርክ ኤፒክ፣ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1933 በተደረገ ቁፋሮ የሰው መንጋጋ ስባሪ የተገኘበት ነው፤ በኋላ የመረመሩት አንትሮፖሎጂስት ኒያንደርታልን የሚመስል ነገር አይተውበታል። በቅርጽ ብቻ ግን ክርክር አያልቅም። ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው ስለ ሙቀት ነው። ዲኤንኤን የሚያቆየው ቅዝቃዜ ነው፤ ሳይቤሪያ የተቀመጠ አጥንትና የድሬ ሙቀት ውስጥ የተቀመጠ አጥንት እኩል አይጠብቁም። ሞታ ዋሻ ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ የ4,500 ዓመቱ ሰው ዲኤንኤ እስከ 2015 ጠብቆን ሙሉው ተነበበ፤ ያውም የወጣው የውስጥ ጆሮን ከሚይዘው ጠጣሩ የራስ ቅል አጥንት ነው። ከአፍሪካ ጥንታዊ አጥንት ሙሉ ጂኖም ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር። ይህን ስናገር ድምፄ ይለወጣል፣ ተማሪዎቼም ያውቁታል።

ወደ ሱቁ ልመለስ። የጽሑፉ ጥራት ምንም እንከን አይወጣለትም። ካርታው ላይ ግን የባሕሩ ሰማያዊ ስስ ሰረዝ ሰረዝ አለበት፣ ሰፊ ቦታ በአንድ ቀለም የሚሞላ ሥዕል ካላችሁ መጀመሪያ ትንሽ ናሙና አሳትሙ። ጥግ ላይ ካሉት የማንጠልጠያ ቀለበቶች አንዱ በሦስተኛው ሳምንት ተነቅሏል፤ ክፍላችን ነፋስ ያስገባል፣ ባነሩም ቀጭኑ ዓይነት ነው። ወፈር ያለው በካሬ 150 ብር ይጨምራል፣ እኔ ብሆን አሁን እሱን እመርጥ ነበር። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት አይሠሩም፣ በዚያ ፀሐይ ባጃጅ ከፍላችሁ እንዳትለፉ። ፋይሉን በፍላሽ ስትሰጡ ደግሞ እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ምስል አድርጋችሁ ስጡ፤ በወረቀት ላይም «እንዳለ ይታተም» ብላችሁ ጻፉበት።

ለሁለተኛው መንፈቅ የሞታን የራስ ቅል ለብቻው ላሳትም ነው፣ እዚያው። ልጁ በባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ ያ የጆሮ አጥንት የቱ ጋ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ እጁን ይዤ ከጆሮው ጀርባ ያለውን ጉብታ አስነካሁትና «ከዚህ ወደ ውስጥ ነው» አልኩት።