ፊላደልፊያ ላይ የምጠቀምበት የፖከር አፕ፦ 3 ኮከብ

ማታ ከሥራ ስገባ ስልኬ ላይ ፖከር እጫወታለሁ። የ10 ዶላር ውድድር ነው፤ ከዚያ አላልፍም። አፑ ከፔንስልቬንያ ግዛት ፈቃድ ያለው ነው።

ገንዘብ አወጣጡን ወድጄዋለሁ። ባለፈው ወር ያሸነፍኩት 240 ዶላር በሁለት ቀን ባንኬ ገባ። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ መንግሥት ትልልቆቹን የፖከር ድረ ገጾች ሲዘጋ፣ ገንዘባቸው ለዓመታት የታገደባቸው ተጫዋቾች ነበሩ።

ጠረጴዛውም ሞቅ ብሏል። እስከ ኤፕሪል 2025 ድረስ እዚህ ያለነው እርስ በርሳችን ብቻ ነበር የምንጫወተው። ግዛቱ ግዛቶች ተጫዋቾቻቸውን በአንድ ጠረጴዛ የሚያጫውቱበትን የጋራ ስምምነት ከተቀላቀለ ወዲህ የኒው ጀርሲና የሚሺጋን ሰዎችም አሉ።

ያናደደኝ የድንበሩ ነገር ነው። ለፋሲካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ጋ ሄድኩ። ቀድሜ የከፈልኩበት ውድድር ነበረ። ማታ አፑን ስከፍት ያለሁበትን ቦታ አይቶ ዘጋብኝ። ሜሪላንድ ኦንላይን ፖከር አልፈቀደችም። 10 ዶላሬ ቀለጠ። ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ፤ በአምስተኛው ቀን «ሕጉ ነው» የሚል መልስ መጣ። ሕጉማ ገብቶኛል። ስከፍል ለምን አላስጠነቀቃችሁኝም ነው ጥያቄዬ።

ግብሩም አለ። ከ2026 ጀምሮ የፌዴራል ግብር ሲሰላ በቁማር ካሸነፉት ላይ የሚቀነሰው የኪሳራው 90 በመቶ ብቻ ነው። 10,000 አሸንፎ 10,000 የተበላ ሰው በ1,000 ዶላር ላይ ግብር ይጠየቃል። ሰው ባላገኘው ገንዘብ እንዴት ይከፍላል? ይህ የአፑ ጥፋት አይደለም፤ ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩት በሲልቨር ስፕሪንጉ ምክንያት ነው።